አልለይም ያለው ውሃ

ይህ ጽሑፍ ለ12ኛ ክፍልና ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ቀልዶቹን ግን አልነካሁም፤ ማንም ያልሳቀባቸውንም ጭምር።

እንደምን ዋላችሁ።

መጀመሪያ ይህችን ቱቦ እዩልኝ። በረዶ ውስጥ ናት፤ አፏም ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ውስጧ ያለው ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት፤ በተለይ ፊት ወንበር ላይ ያላችሁት።

ሦስተኛ ዓመት እያለሁ ነው። የተሰጠን ሥራ ቀላል ነበር፤ የተቀላቀለ አልኮልና ውሃ አፍልቶ መለየት። መጽሐፉ ኢታኖል፣ ማለትም ይኸው አልኮል፣ 78 ዲግሪ ላይ፣ ውሃ 100 ላይ ይፈላል ይላል። እኔም አሰብኩ። ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ እሳቱን ቀስ አድርጌ ከያዝኩት፣ ንጹህ አልኮል ይወጣልኛል። ሌላው ዘጠና ምናምን በመቶ ይዞ ሲሄድ እኔ መቶ ይዤ እሄዳለሁ። እልኸኛ ነበርኩ።

ሁለት ነገር ገጠመኝ። አንደኛ፣ ቴርሞሜትሩ 78 አልደረሰም። 72 አካባቢ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አልኮሉ ግን ጠብ ጠብ እያለ ነው። ቴርሞሜትር ቀየርኩ። አዲሱም ያው። ሁለተኛ፣ የወጣውን መልሼ አፈላሁት። እንደገና አፈላሁት። ስለካው ከዘጠና አምስት በመቶ ምናምን ንቅንቅ አይልም። ሲመሽ የላብራቶሪው ረዳት መጡ። ዕቃውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳቁ። «ልጄ፣ እስከ ነገ ብታፈላውም ያው ነው። ሂድና እራትህን ብላ» አሉኝ።

የመጀመሪያው እንቆቅልሽ መልሱ እግሬ ሥር ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ከላይ የሚጫነው ግፊት ያነሰ ነው። ስለዚህ እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ንፍሮ ቶሎ አልበስል የሚለው በዚህ ነው። የመጽሐፉ ቁጥር ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። ከተማዋን ማለቴ አይደለም፤ እሷም 1,800 ሜትር ላይ ናት። ቴርሞሜትሩ ምስኪን ልክ ነበር።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ የዛሬው ወሬያችን ነው።

አረቄ ሲወጣ ያየ እጁን ያውጣ። ከእናንተ ግማሹ አይቷል። የቀረው ግማሽም አይቷል፤ አስተማሪ ፊት መናገር ፈርቶ ነው። ጥንስሱ ከጌሾና ከብቅል ተዘጋጅቶ ይብላላል። ከዚያ ማሰሮው እሳት ላይ ይጣዳል፣ አፉ ይመረጋል። እንፋሎቱ በሸምበቆ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው መቀበያ ይወርዳል። ላብራቶሪ ያለው የመስታወት ዕቃ ከዚህ የሚለየው በዋጋው ነው።

ቁም ነገሩ ይህ ነው። ድብልቁ ሲፈላ አልኮሉ ብቻ ተነስቶ አይወጣም። ሁለቱም ይወጣሉ። ግን አልኮሉ ስለሚፈጥን እንፋሎቱ ከፈሳሹ ይልቅ አልኮል ይበዛበታል። በክብደት 10 በመቶ አልኮል ያለው ፈሳሽ ሲፈላ መጀመሪያ የሚነሳው እንፋሎት ግማሽ ገደማው አልኮል ነው። ትልቅ ዝላይ ነው! ዳግም አረቄ ከተራው አረቄ የሚጠነክረውም በዚህ ነው፤ የወጣውን መልሰው ስለሚያወጡት። አሁን 80 በመቶ የደረሰ ፈሳሽ አፍሉ። እንፋሎቱ 86 አካባቢ ነው። ዝላዩ አጠረ። እንዲህ እያጠረ፣ እያጠረ ይሄድና 95.6 በመቶ ላይ ያልቃል። እዚያ ፈሳሹም 95.6፣ እንፋሎቱም 95.6። የቱንም ያህል ብታፈሉት ከታች ያለው ከላይ ይወጣል፣ ከላይ የወጣው ወደ ታች ይወርዳል። የቀረችው አራት በመቶ ምናምን ውሃ አልለይም ብላለች።

እንዲህ ያለ ድብልቅ አዚዮትሮፕ ይባላል። ስሙን በ1911 እ.ኤ.አ. ያወጡለት ኬሚስቶቹ ጆን ዌድና ሪቻርድ ሜሪማን ናቸው። ከግሪክ ነው የወሰዱት፤ «ሲፈላ የማይለወጥ» እንደማለት ነው። የኢታኖልና የውሃው አዚዮትሮፕ በባሕር ጠለል ግፊት 78.2 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ንጹህ ኢታኖል 78.4 ላይ ነው የሚፈላው። ልብ በሉ፤ ድብልቁ ከሁለቱም ቀድሞ ነው የሚፈላው። ውሃ ጨምራችሁበት የፈላ ነጥቡ ወረደ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የላብራቶሪ አልኮል ጠርሙስ ላይ 96 በመቶ የሚል ካያችሁ፣ ያ በይዘት የተለካ ነው። 95.6 የምለው በክብደት ነው፤ በይዘት 97 ይሆናል። ፈተና ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፋብሪካዎች ከድንበሩ ትንሽ ቀድመው ይቆማሉ፤ ወደ ድንበሩ በተጠጋችሁ ቁጥር የምታቃጥሉት ነዳጅ ብዙ፣ የምታገኙት ጥቅም ትንሽ ነው።

አሁን ብልህ ተማሪ ይጠይቃል። ሲፈላ የማይለወጥ፣ ቁርጥ ያለ የፈላ ነጥብ ያለው፣ መጠኑም ቋሚ ከሆነ ይህ ድብልቅ ነው ወይስ ውህድ? ጥያቄው የጥንት ነው። የሃይድሮክሎሪክ አሲድ የውሃ ድብልቅን ሲያፈሉ 20.2 በመቶ ላይ ሲደርስ 108.6 ዲግሪ ላይ ሳይለወጥ ይፈላል። ናይትሪክ አሲድ ደግሞ 68 በመቶ ላይ፣ 120.5 ዲግሪ። አንዳንዶች እነዚህ ከውሃ ጋር የተሠሩ ውህዶች ናቸው ብለው ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሮስኮ በ1860 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጉዳዩን በቀላል መንገድ ፈታው። ግፊቱን ቀየረ። ግፊቱ ሲቀየር የአሲዱ መጠንም ተቀየረ። ውህድ ቢሆን ኖሮ መጠኑ ንክች አይልም ነበር። የውሃ ሞለኪውል ተራራ ላይ ቢወጣም ኤች ቱ ኦ ነው። አዚዮትሮፕ ግን ተራራ ላይ ሌላ ነው። የኢታኖሉ አዚዮትሮፕ ግፊቱ በጣም ሲቀንስ፣ ከመደበኛው አንድ አሥረኛ በታች ሲወርድ፣ ጭራሽ ይጠፋል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ይህ ነው የምወደው ክፍል። ሠርግ ቤት አስቡ። አንድ ጠረጴዛ ላይ የአንድ ሰፈር ሰዎች ተቀምጠዋል። ወሬው ደርቷል፤ ማንም አይነሳም። በየመሃላቸው የማያውቁት ሰው አስቀምጡ። ወሬው ይቆረጣል። ሰው ሰዓቱን ያያል፤ ቀድሞ ይሄዳል። በፈሳሽ ቋንቋ «ቀድሞ ሄደ» ማለት በዝቅተኛ ሙቀት ፈላ ማለት ነው። የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ቦንድ የተያያዙ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ኢታኖል በአንድ ጎኑ ከውሃ ጋር ይግባባል፤ ኦኤች አለው። በሌላ ጎኑ ግን ሁለት ካርቦን ያለው ጭራ አለው፤ ጭራው ለውሃ ባዳ ነው። አልኮል በበዛበት ድብልቅ ውስጥ ያቺ ጥቂት ውሃ ደግሞ በጭራዎች ተከባለች፤ ጎረቤቶቿ የሉም። እሷም ከአልኮሉ ጋር ተያይዛ ትወጣለች።

ምሳሌው ፍጹም እንዳይመስላችሁ። ኢታኖልና ውሃ ስትቀላቅሉ ዕቃው ሞቅ ይላል፤ 50 ሚሊ ሊትር በ50 ብትጨምሩ መቶ አይሞላም፣ 96 ገደማ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ጭራሽ አይዋደዱም ማለት አይቻልም። ዋናው ውሃው በጭራው ዙሪያ እንደልቡ መንቀሳቀስ ማጣቱ ነው። ይህን ሦስተኛ ዓመት ስትደርሱ በእንትሮፒ ስም ያሰቃዩአችኋል።

ተቃራኒውም አለ። ሁለት እንግዶች እርስ በርስ ከራሳቸው ሰፈር ሰው በላይ ከተግባቡስ? ሠርጉ አልቆም አይነሱም። አሴቶን 56 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ክሎሮፎርም 61 ላይ። አንድ ላይ ሲሆኑ አዚዮትሮፓቸው 64 ዲግሪን ያልፋል፤ የክሎሮፎርሙ ሃይድሮጅን የአሴቶኑን ኦክስጅን ስለሚይዘው። የሃይድሮክሎሪክ አሲዱም ነገር እዚህ ወገን ነው።

እና ያቺን የመጨረሻ ውሃ ምን እናድርጋት? ድሮ ኖራ ይጠቀሙ ነበር፤ ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ይጠጣል። በ1902 እ.ኤ.አ. ኬሚስቱ ሲድኒ ያንግ ሌላ መላ አመጣ። ሦስተኛ ሰው ጠራ፤ ቤንዚን እንላለንና ከመኪናው ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ ቤንዝን የሚባለውን ፈሳሽ። ሦስቱ አንድ ላይ 65 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚፈላ አዲስ አዚዮትሮፕ ይሠራሉ፤ ውሃዋ በዚያ ተሳፍራ ትወጣለች፣ ደረቅ አልኮል ከታች ይቀራል። እሾህን በእሾህ። ችግሩ ቤንዝን ካንሰር ያመጣል። የድሮ «መቶ በመቶ» አልኮል ርዝራዡ ስለሚቀርበት ከሚዋጥ መድኃኒት ጋር አይቀላቀልም፣ አይጠጣም። ላብራቶሪ ገብታችሁ ንጹህ ነው ብላችሁ እንዳትቀምሱ።

ዛሬ ብዙው ሥራ በወንፊት ነው፤ ሞለኪውል የሚያጣራ ወንፊት። ቀዳዳዎቹ ሦስት አንግስትሮም ናቸው፤ አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። ውሃ ይገባል፣ ኢታኖል አይገባም። ይህ ጉዳይ እኛንም ይነካል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና ቤንዚን ላይ 5 በመቶ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ይጨመር ጀመር፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ለዚህ የሚሆነው አልኮል ደረቅ መሆን አለበት። ውሃ ካለበት ውሃው አልኮሉን ይዞት ወደ ታንከሩ ሥር ይወርዳል። ከዚያ ሞተሩ የሚጠጣው ምን እንደሆነ ገምቱ።

እሺ፣ ወደ አሚኖች እንለፍ። ቱቦዋን አልረሳኋትም።

አሞንያን ታውቃላችሁ፤ አንድ ናይትሮጅን፣ ሦስት ሃይድሮጅን። አንዱን ሃይድሮጅን አውጥታችሁ በካርቦን ቡድን ተኩ፤ አንደኛ ደረጃ አሚን ሆነ። ሁለቱን ከተካችሁ ሁለተኛ፣ ሦስቱንም ከተካችሁ ሦስተኛ ደረጃ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሻርል አዶልፍ ቩርትስ የመጀመሪያዎቹን በ1849 እ.ኤ.አ. ሲያገኝ እንደ አሞንያ ስለሚሸቱ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር፤ ልዩነታቸው በእሳት መቀጣጠላቸው ነው። ናይትሮጅኑ ላይ ለማንም ያልተሰጠ የኤሌክትሮን ጥንድ አለ። የአሚን ኬሚስትሪ ከሞላ ጎደል የዚያ ጥንድ ታሪክ ነው።

ሠርግ ቤቱን ይዛችሁ ይህን ተመልከቱ። ሦስት አሚኖች አሉ፤ ሦስቱም ሦስት ካርቦን፣ ዘጠኝ ሃይድሮጅን፣ አንድ ናይትሮጅን። ክብደታቸው አንድ ነው። ፕሮፒልአሚን 48 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ኢታይልሜታይልአሚን 37 አካባቢ። ትራይሜታይልአሚን ግን 3 ዲግሪ! ምን ሆነ? የመጀመሪያው ናይትሮጅኑ ላይ ሁለት ሃይድሮጅን አለው፤ ሁለተኛው አንድ፤ ሦስተኛው የለውም። ሃይድሮጅን የሌለው እርስ በርሱ እጅ መያዝ አይችልም። ሠርጉ ሳይጀመር ሄደ።

ትራይሜታይልአሚንን በስሙ ባታውቁት በጠረኑ ታውቁታላችሁ። የባሕር ዓሣ ሲቆይ የሚሸተው እሱ ነው። ዓሣው ሥጋ ውስጥ ያለ ሽታ የሌለው ነገር በባክቴሪያ ተበልቶ ወደዚህ ይለወጣል። ዓሣ ቤት ሎሚ ቆርጠው የሚያቀርቡላችሁ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። የሎሚው አሲድ ለናይትሮጅኑ ፕሮቶን ይሰጠዋል። አሚኑ ጨው ይሆናል። ጨው ደግሞ አይተንም፤ የማይተን ነገር አፍንጫ አይደርስም። ሽታው አልጠፋም፣ ታሰረ እንጂ።

ይኸው ዘዴ ፋርማሲ ውስጥ ሞልቷል። የጥርስ ሐኪም የሚያደነዝዝበት መርፌ ሊዶኬይን ሃይድሮክሎራይድ ነው። ሊዶኬይን ብቻውን ውሃ ውስጥ እንደልብ አይሟሟም። አሚን ስለሆነ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨው ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ በመርፌም ይሄዳል። ቤት ስትገቡ የመድኃኒት ካርቶኖችን አገላብጣችሁ እዩ። ሃይድሮክሎራይድ የሚለው ቃል ይበዛባቸዋል።

ጫትም አሚን ነው ያለውን ልጅ ሰምቼዋለሁ፤ ከኋላ ነህ። ልክ ነህ። ካቲኖን አንደኛ ደረጃ አሚን ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ የሚሮጠው። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ወላጆች አሉ።

አሁን ቱቦዋ። ውስጧ ውሃና ትራይኢታይልአሚን እኩል በኩል አሉ። ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ ናይትሮጅን ላይ ሦስት ባለሁለት ካርቦን ጭራዎች። በረዶ ውስጥ ሳለች አያችኋት፤ አንድ ወጥ፣ የጠራች። አሁን አወጣኋት። በመዳፌ ያዝኳት።

ደፈረሰች። አያችሁ? ወተት መሰለች። ማንም ምንም አልጨመረባትም፤ የእጄ ሙቀት ብቻ ነው።

ከልጅነታችሁ የምታውቁት ነገር ሲሞቅ ይበልጥ ይሟሟል የሚል ነው። ስኳር ሻይ ውስጥ። ይህ ተገላቢጦሽ ነው። ቀዝቃዛ ሲሆን ውሃው ያንን የናይትሮጅን ጥንድ በሃይድሮጅን ቦንድ ይይዘዋል። ለጥንዱ ሲል ጭራዎቹን ይታገሳል። ከ18 ዲግሪ አለፍ ሲል መታገሱ ያበቃል። የውሃ ሞለኪውሎች ወደ ሰፈራቸው ሰዎች ይመለሳሉ፣ አሚኑ ከላይ ይንሳፈፋል። እንዲህ የማይግባቡ ሁለት ነገሮች ቢፈሉ ምን እንደሚሆን አሁን ራሳችሁ መገመት ትችላላችሁ። ትራይኢታይልአሚን ብቻውን 89 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ውሃ 100። አንድ ላይ 76 አካባቢ። ቀድመው ሄዱ።

ሌላ አሚን ልስጣችሁ፤ ኢታይሊንዳያሚን። ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት ኤንኤችቱ አለው፣ ጭራው ትንሽ ነው። ብቻውን 117 ገደማ ላይ ይፈላል። ውሃ ስትጨምሩበት አዚዮትሮፑ 119 አካባቢ ላይ ይፈላል። በሠላምታ ተያይዘው የቀሩት እነዚህ ናቸው። ሁለቱም አሚን፣ ሁለቱም ከውሃ ጋር፣ ውጤቱ ግን ወዲህና ወዲያ።

አሚንና አዚዮትሮፕ የሚገናኙበት፣ እኔ በጣም የምደነቅበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ትራይኢታይልአሚንን ከፎርሚክ አሲድ ጋር ቀላቅሉ፤ ጉንዳን የሚረጨው አሲድ ነው። አሲድና ቤዝ ናቸው፤ ተያዙ። አምስት ሞል አሲድ ለሁለት ሞል አሚን ላይ አዚዮትሮፕ ይሆናሉ፤ ከሁለቱም እጅግ ከፍ ባለ ሙቀት የሚፈላ። ጃፓናዊው ሪዮጂ ኖዮሪና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንን ድብልቅ ለሌሎች ሞለኪውሎች የሃይድሮጅን ምንጭ አደረጉት። ፎርሚክ አሲዱ ሃይድሮጅኑን ይሰጥና ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበራል። የሚፈነዳ ጋዝ ሲሊንደር አያስፈልግም። ሩቴኒየም ከሚባል ብረት ጋር የታሰረ ሌላ አሚን ደግሞ ሃይድሮጅኑ በየትኛው ጎን እንደሚገባ ይመራል፤ እንደ ግራና ቀኝ እጅ የመስታወት ምስል ከሆኑ ሁለት ሞለኪውሎች አንዱን ብቻ ለመሥራት። ኖዮሪ ቀኝና ግራን በለየ ሃይድሮጅን የመጨመር ሥራው በ2001 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተጋርቷል።

ጥያቄ ካላችሁ።

አንዲት ተማሪ ጥሩ ነገር ጠየቀች። «ሜታኖልም አልኮል ነው። እሱስ ከውሃ ጋር አዚዮትሮፕ ይሠራል?» አይሠራም። ሜታኖል 64.7 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ በትዕግሥት ብታፈሉት ከውሃ ሙሉ በሙሉ ይለያል። ጭራው አንዲት ካርቦን ብቻ ናት፤ ውሃውን የምታስከፋው ትንሽ ነው። ፕሮፓኖል ላይ ስትደርሱ፣ ሦስት ካርቦን ነውና፣ አልለይም የሚለው ውሃ 28 በመቶ ይደርሳል። ጭራው በረዘመ ቁጥር ይብሳል።

ይህን ሳወራ ቱቦዋን ጠረጴዛ ላይ ረስቻታለሁ። ድፍርሱ ጠርቶ መሃሏ ላይ ቀጭን መስመር ወጥቷል፤ ከላይ አሚን፣ ከታች ውሃ። ጠያቂዋ ልጅ ቀረብ ብላ አየቻት። «በረዶው ውስጥ ብመልሳት?» አለችኝ።

መልሺያት አልኳት።